የምርምር መሣሪያን መመደብ የማን ሥራ ነው?

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ቅጽ ነው። ክፍለ ትምህርታችን ከመድኃኒት ዕፀዋት የሚገኘውን ጭማቂ ሳያሞቅ የሚያደርቅ መሣሪያ፣ በተለምዶ «ፍሪዝ ድራየር» የምንለውን፣ ከውጭ አገር ለማስመጣት ገንዘብ ካገኘ በኋላ ሻጩ ሦስት ጥያቄዎች ያሉበት ባለ አንድ ገጽ ቅጽ ላከልን። ዕቃው ምንድን ነው? የመጨረሻ ተጠቃሚው ማን ነው? ለምን ሥራ ይውላል? እኛም ከለመድነው አጻጻፍ ሳንወጣ «ማድረቂያ መሣሪያ»፣ «ዩኒቨርሲቲ»፣ «ለማስተማርና ለምርምር» ብለን ሞላን፤ ማኅተም አሳረፍንበትና ላክን። ሳምንታት አለፉ። ከዚያ በኋላ የሻጩ አገር የወጪ ንግድ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት ማብራሪያ መጠየቁን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰን። ደብዳቤው በእኛና በእነርሱ መካከል ሲመላለስ ሁለት ተማሪዎቻችን የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ያለ መሣሪያው ጨርሰው ሄዱ። በመጨረሻ ቋጠሮውን የፈታው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ መሣሪያው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ5 ኪሎ ግራም በላይ በረዶ አይሰበስብም፤ ውስጡም በእንፋሎት ወይም በጋዝ እንዲመክን ሆኖ አልተሠራም።

ይህን ዓረፍተ ነገር ከመካከላችን ማንም ቢሆን በመጀመሪያው ቀን ሊጽፈው ይችል ነበር። ቁጥሩ በመሣሪያው መግለጫ ሁለተኛ ገጽ ላይ ታትሟል። ያልጻፍነው አያስፈልግም ብለን ነው። አንድ አንጋፋ የቤተ ሙከራ ቴክኒሻናችን ነገሩን ሰምተው «ልጆቼ፣ እናንተ ማድረቂያ ካላችሁ እነርሱ የቡና ማድረቂያ ሊሉት ይችላሉ፤ ሌላም ሊሉት ይችላሉ» ብለው ስቀውብናል። ጋሼ ልክ ነበሩ።

በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው ሐሳብ ከዚህ ገጠመኝ ይነሣል። የምርምር ዕቃን በቁጥጥር ሕጎች መሠረት መመደብ በአገራችን እስካሁን ለሻጭ፣ ለጉምሩክ አስተላላፊ ወይም ለግዥ ክፍል የተተወ ሥራ ነው። በእኛ አስተያየት ግን ይህ የሳይንስ ባለሙያው ሥራ ነው። ለሌላ ሰው ስንተወው ሁለት ጊዜ እንከስራለን፦ መግባት የሚገባው ዕቃ በር ላይ ይቆማል፤ መቆም የሚገባው ደግሞ ሳናውቀው ከአገር ይወጣል።

ስለ ዝርዝሮቹ

ጉለሌ ሲነሣ ለብዙ የአዲስ አበባ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ሳሙና ነው። ስብና ሶዳ ሲዋሐዱ ሳሙና ይሠራል፤ ከሳሙናው ጋርም ግሊሰሪን ይወጣል። ግሊሰሪን በእጅ ቅባት ውስጥ አለ፣ በሳል ሽሮፕም ውስጥ አለ። የዲናማይት መሠረት የሆነው ናይትሮግሊሰሪንም ስሙን ያገኘው ከእርሱ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስብና ዘይት እንደ ጦር ዕቃ ቁጥጥር የተደረገባቸውም በዚሁ በግሊሰሪን ምክንያት ነበር። እንግዲህ «ለሁለት ዓላማ የሚውል ዕቃ» የሚባለው ይህን የመሰለ ነው። ዕቃው ራሱ በጎም ክፉም አይደለም፤ ሆኖም መጠኑ፣ ጥራቱና የተቀባዩ ማንነት ተደማምረው ትርጉሙን ይለውጡታል።

መንግሥታት ይህን ለመቆጣጠር በየጊዜው እየተሰበሰቡ ዝርዝር አውጥተዋል። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1974 የኑክሌር ፍንዳታ ካካሄደች በኋላ የኑክሌር አቅራቢዎች ቡድን ተቋቋመ። በኢራንና በኢራቅ ጦርነት ኢራቅ የኬሚካል መሣሪያ ከተጠቀመች በኋላ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1985 የኬሚካልና የባዮሎጂ ነክ ዕቃዎችን የሚመለከተው የአውስትራሊያ ቡድን ተመሠረተ። የሚሳይል ቴክኖሎጂ ቁጥጥር እ.ኤ.አ. በ1987 ተከተለ። ከምሥራቁ ጎራ ጋር የሚደረገውን ንግድ ሲቆጣጠር የኖረው ኮኮም እ.ኤ.አ. በ1994 ከፈረሰ በኋላም በ1996 የዋሰናር ስምምነት ተተካ። እነዚህ ቡድኖች የሚያወጧቸውን ዝርዝሮች አባል አገሮች በየሕጎቻቸው ውስጥ ያስገቧቸዋል። በዋሰናር ውስጥ ከአፍሪካ ያለችው ደቡብ አፍሪካ ብቻ ናት። በአውስትራሊያ ቡድን ውስጥ ደግሞ አንድም የአፍሪካ አገር የለም። ይህን ነገር አንባቢ ለጊዜው በልቡ ይያዝልን።

ዝርዝሩ ለሳይንስ ተማሪ ባዕድ አይደለም። በአውሮፓና በአሜሪካ መዝገቦች ለምሳሌ 2ቢ352 የሚል ቁጥር ይገኛል። የመጀመሪያው 2 የማምረቻና የማቀነባበሪያ ዘርፍን ያመለክታል። «ቢ» መሣሪያ ማለት ነው። ቀጥሎ ያለው 3 ቁጥጥሩ በኬሚካልና በባዮሎጂ ምክንያት የመጣ መሆኑን ይጠቁማል። በቁጥሩ ሥር የሚገኘው ጽሑፍ ከላቦራቶሪ መመሪያ ብዙም አይለይም። ፍሪዝ ድራየር የሚመዘገበው በ24 ሰዓት ውስጥ 10 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ፣ ነገር ግን ከ1,000 ኪሎ ግራም በታች በረዶ የሚሰበስብ ከሆነና በእንፋሎት፣ በጋዝ ወይም በትነት ሊመክን የሚችል ከሆነ ነው። ሁለቱም መስፈርቶች መሟላት አለባቸው። የእኛው መሣሪያ አንዱንም አያሟላም። በነጻ ሊያልፍ ሲገባው ወራት ቆመ።

የተህዋስያን ማብላያ ጋን ወይም ፈርመንተር ደግሞ 20 ሊትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ይመዘገባል። መጠኑ ቀድሞ 100 ሊትር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ወደ 20 ዝቅ ተደረገ። ሃያ ሊትር ማለት በየቤቱ ውኃ የሚቀዳበት ቢጫ ጄሪካን ነው። የእናቶቻችን የጠላ ጋን በመጠን ቢታይ ወሰኑን ያልፋል። ደግነቱ ጋኑ ረቂቅ ብናኝ ወደ አየር የማያስወጣ መሆን አለበት የሚል ተጨማሪ መስፈርት አለ፤ ጋዙን ሳያስወጣ የሚፈላ ጠላ ደግሞ እስካሁን አላየንም።

በስም ብቻ መመደብ ምን ያህል እንደሚያሳስት «ሴንትሪፊውጅ» የሚለው ቃል ጥሩ ማሳያ ነው። በየጤና ጣቢያው ጠረጴዛ ላይ ደም የሚያሽከረክረው ትንሹ ሴንትሪፊውጅ ከቁጥጥር ውጭ ነው። በሰዓት ከ100 ሊትር በላይ ያለማቋረጥ የሚያሳልፍ፣ ከማይዝግ ብረት ወይም ከቲታኒየም የተሠራ፣ ተዘግቶ እንዳለ በእንፋሎት የሚመክን መለያ በአውስትራሊያ ቡድን ዝርዝር ውስጥ አለ። ዩራኒየምን ለማበልጸግ የሚሽከረከረው የጋዝ ሴንትሪፊውጅ ደግሞ ከሁሉ በላይ ጥብቅ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ዕቃዎች አንዱ ነው። ሦስቱም በአንድ ቃል ይጠራሉ። «ሴንትሪፊውጅ፣ 1፣ ለምርምር» ብሎ የሚጽፍ መምህር ከሦስቱ የትኛውን እንዳዘዘ ፈቃድ ሰጪው ከየት ይወቅለት?

ምደባው ሲሳት የሚመጣው ጣጣ ደግሞ ሁልጊዜ በመዘግየት አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ2001 ወደ ኢራቅ ሲጓዙ የተያዙት የአሉሚኒየም ቱቦዎች ለዩራኒየም ሴንትሪፊውጅ ናቸው ተብለው የጦርነት ማስረጃ ሆነው ቀረቡ። የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች ግን በዚያኑ ጊዜ የቱቦው ልኬት ለሮኬት እንጂ ለሴንትሪፊውጅ እንደማይስማማ ይናገሩ ነበር። በኋላ እውነቱ ከእነርሱ ጋር እንደነበረ ታወቀ። የቱቦው ውፍረትና ስፋት ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ የታወቀ ነበር።

ከፓስተር እስከ እንጦጦ

ከስድስት ኪሎ በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ የሚወጣ፣ ወይም ወደ ምዕራብ ታጥፎ ወደ ፓስተር የሚወርድ ተማሪ በአገራችን ከፍተኛ ቁጥጥር የሚደረግባቸው የሳይንስ ዕቃዎች በሚገኙበት አካባቢ እያለፈ መሆኑን ላያስተውል ይችላል። በጉለሌ ክፍለ ከተማ ያለውና ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚባለው ተቋም ብዙ ስሞችን ለውጧል። በ1940ዎቹ ዓ.ም. ከፓሪሱ እናት ተቋም ጋር በተደረገ ስምምነት የኢትዮጵያ ፓስተር ተቋም ነበር፤ የሰፈሩም ስም ከዚያ ቀረ። በ1987 ዓ.ም. የጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት፣ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ አሁን የሚታወቅበትን ስም ያዘ።

እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በተለይም በኦሞ ሸለቆ አካባቢ፣ የቢጫ ወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ወደ 30,000 የሚጠጋ ሕዝብ እንደፈጀ ይገመታል። በአፍሪካ ከተመዘገቡት የቢጫ ወባ ወረርሽኞች ሁሉ ይህ እጅግ አስከፊው ነው። የፓስተር ተቋም ተመራማሪዎች ደም እየቀዱ፣ ትንኝ እያጠመዱ ቫይረሱን አጥንተዋል፤ ጥናታቸውም በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ታትሟል። ያ ቫይረስ ዛሬ በቁጥጥር ዝርዝር ውስጥ በስሙ ተመዝግቦ ይገኛል። የኮሌራ ባክቴሪያም ተመዝግቧል፤ የታይፎይድ፣ በቅማል የሚተላለፈው የተስቦ፣ የከብቶቻችን የሳንባ በሽታ ተህዋስያንም እንዲሁ። ሌላው ዓለም ከጦር መሣሪያ ጋር የሚያያይዛቸው እነዚህ ጀርሞች ለእኛ በየጤና ጣቢያው ወረፋ የሚይዙ ሕመምተኞች ናቸው። በመሆኑም የማይክሮባዮሎጂ ተማሪያችን ምርመራው ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ የታይፎይድ ባክቴሪያ ማነጻጸሪያ ዝርያ ከውጭ ሲጠይቅ ጥያቄው በፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት በኩል ማለፉ አይቀርም።

አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ በአውስትራሊያ ቡድን ዝርዝር ውስጥ የለም። ባክቴሪያውን በደኅና ለማሳደግ የሚያስፈልገው ደረጃ 3 የባዮ ሴፍቲ ላቦራቶሪ ግን፣ ሙሉ ሆኖ እንደ አንድ ዕቃ ሲላክ፣ በዚያው በ2ቢ352 ሥር ተመዝግቧል። እንዲህ ያለ ቤተ ሙከራ በዚሁ በጉለሌ ይሠራል። ጀርሙ ነጻ ነው፣ ቤቱ ግን ፈቃድ ይፈልጋል። ይህን የሚያውቅ ሰው ከመጀመሪያው ደብዳቤ ጀምሮ ተገቢውን ወረቀት ያዘጋጃል፤ የማያውቅ ግን «ለነቀርሳ መከላከያ ነው እኮ» እያለ ይገረማል።

ዝርዝሩ በአንድ ሌሊት ሊለወጥ እንደሚችልም በኮቪድ ጊዜ አይተናል። በጥር 2012 ዓ.ም. በአገራችን የተጠረጠሩ ሰዎች ናሙና የተመረመረው ወደ ደቡብ አፍሪካ ተልኮ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ምርመራው በጉለሌ ተጀመረ። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው ታማሚ ይፋ ተደረገ። በማግስቱ፣ መጋቢት 5 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ የአውሮፓ ኅብረት ጓንት፣ የፊት ጭንብል፣ መከላከያ መነጽርና ልብስ ያለ ፈቃድ ከኅብረቱ እንዳይወጡ የሚያዝ ደንብ አወጣ። ተራው የላቦራቶሪ ጓንት በአንድ ቀን ቁጥጥር የሚደረግበት ዕቃ ሆነ።

በእንጦጦ ላይ ያሉትን ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች በተመለከተ ብዙ አንቆይም። መስተዋትን በሚመለከት ዝርዝሩ የሚጠይቀው ስፋቱን ሳይሆን ክብደቱን ነው፤ አንድ ወጥ ሆኖ በካሬ ሜትር ከ30 ኪሎ ግራም በታች የሚመዝንና በጠቅላላው ከ10 ኪሎ ግራም የሚበልጥ ቀላል መስተዋት ይመዘገባል፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለው ወደ ጠፈር ሊወጣ ይችላል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ታይዩዋን የተወነጨፈችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችንም ከዚሁ ጉዳይ አታመልጥም። አሜሪካ ቁጥጥር የሚደረግባቸው የሳተላይት ክፍሎቿ በቻይና ሮኬት እንዲወነጨፉ ከአንድ ትውልድ በላይ ስትከለክል ኖራለች። ሳተላይት ከማን ጋር ይሠራ፣ ከየት ይወንጨፍ የሚለው ጥያቄ በየመሐንዲሱ ጠረጴዛ ላይ ከመድረሱ በፊት ግማሹ በዝርዝሩ ተመልሷል ማለት ነው።

ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ ለመሄድ ለሚያስቡ አንባቢዎቻችንም አንድ ቃል። በአሜሪካ ሕግ መሠረት ቁጥጥር የሚደረግበትን ዕውቀት እዚያው አገር ላለ የውጭ ዜጋ ማሳየት ወደ አገሩ እንደ መላክ ይቆጠራል። በቴነሲ ዩኒቨርሲቲ የፕላዝማ ሊቅ የነበሩት ፕሮፌሰር ጆን ሪስ ሮዝ ለጦር አውሮፕላን የሚውል የምርምር መረጃ ለቻይናዊና ለኢራናዊ ተማሪዎች በማጋራታቸው ጭምር እ.ኤ.አ. በ2008 ጥፋተኛ ተብለው በማግስቱ ዓመት አራት ዓመት ተፈርዶባቸዋል። ለመታተም የታሰበ መሠረታዊ ምርምር ግን እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ በግልጽ ነጻ ነው። ስለዚህ የምትገቡበት ቤተ ሙከራ ሥራውን ያሳትማል ወይስ አያሳትምም ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

በቅሎና ቤንዚን

ከባልደረቦቻችን አንዳንዶቹ ይህን ሐሳብ ስንነግራቸው «ዝርዝሩን የሚጽፉት ኃያላኑ ናቸው፤ እኛ ተምረነው ምን እናተርፋለን?» ይሉናል። ቅሬታቸው ከባዶ የተነሣ አይደለም። የራሳችን ታሪክ ይመሰክርላቸዋል።

በ1927 ዓ.ም. ክረምት የኢጣሊያ ጦር በኤርትራና በሶማሊያ ሲከማች እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን የጦር መሣሪያ መላኪያ ፈቃድ መስጠት አቆሙ። በወረቀት ላይ ሲታይ ሚዛናዊ ነው። ኢጣሊያ ግን መሣሪያዋን በራሷ ፋብሪካ ትሠራ ነበር፤ ኢትዮጵያ ፋብሪካ አልነበራትም። ክልከላው በኢትዮጵያ ላይ የተነሣው ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ ነው። ኅዳር 1928 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም መንግሥታት ማኅበር ወደ ኢጣሊያ እንዳይላኩ የከለከላቸውን ዕቃዎች ዝርዝር ሥራ ላይ አዋለ። በዝርዝሩ ውስጥ ጎማ አለ፣ ቆርቆሮ አለ፣ አሉሚኒየም አለ፤ ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያና ግመል ሳይቀሩ አሉ። ነዳጅ ዘይት ግን የለም። አውሮፕላኖቹና ካሚዮኖቹ በምን እንደሚንቀሳቀሱ የማያውቅ ሰው በዚያ ስብሰባ ውስጥ አልነበረም። በቅሎ ተከለከለ፣ ቤንዚን አለፈ። በዚያ ቤንዚን የበረሩት አውሮፕላኖች ከታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ጀምሮ የይፐሪት መርዝ በሠራዊታችንና በገበሬው ላይ አዘነቡ። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ቆመው የተናገሩትም ስለዚሁ ነው።

ባልደረቦቻችን ከዚህ ታሪክ የሚያወጡት መደምደሚያ «ዝርዝር ሁሉ ከንቱ ነው» የሚል ነው። እኛ ግን ከዚያው ታሪክ ሌላ ነገር እናነባለን። እ.ኤ.አ. የ1925 የጄኔቭ ፕሮቶኮል በመርዝ ጋዝ መጠቀምን ከልክሎ ነበር፤ ኢጣሊያም ፈርማ አጽድቃው ነበር። ፕሮቶኮሉ መርዙን ማምረትንም ሆነ መሥሪያውን መሸጥን አልከለከለም። ለይፐሪት መሥሪያ የሚሆነው ታዮዳይግላይኮል በቀለምና በጨርቅ ማቅለም ሥራ ውስጥ የሚገባ ተራ ፈሳሽ ነው፤ ዛሬ በኬሚካል ጦር መሣሪያ ስምምነት ሁለተኛ ሠንጠረዥ ውስጥ ተመዝግቧል። ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት ገና ሥራ ላይ ሳይውል በ1988 ዓ.ም. አጽድቃለች። በዚህ መርዝ የተቃጠለ ሕዝብ ቁጥጥሩን የሌሎች ጉዳይ ብሎ ሊተወው አይችልም። በቅሎውን አስገብተው ቤንዚኑን የተዉት ሰዎች የኬሚስትሪ እጥረት አልነበረባቸውም፤ ዝርዝሩ ሲጻፍ ግን «ቤንዚኑስ?» ብሎ የሚከራከር፣ ልኬቱንና አሠራሩን የሚያውቅ የእኛ ሰው በጠረጴዛው ዙሪያ አልነበረም። ዛሬም በአውስትራሊያ ቡድን ጠረጴዛ ዙሪያ የለም። ታይፎይድና ኮሌራ በየዕለቱ የሚመረመሩበት አገር ባለሙያዎች በዝርዝሩ አጻጻፍ ላይ የሚሉት ነገር ሊኖራቸው ይገባል። ያን ለማለት ደግሞ ዝርዝሩን ማንበብ ይቀድማል።

የራሳችን በር

እስካሁን ስለሚገባው ዕቃ ተናገርን። ስለሚወጣውስ? ብዙ ተማሪዎቻችን የወጪ ንግድ ቁጥጥር የባዕዳን ሕግ ይመስላቸዋል። ኢትዮጵያ ግን የራሷ አላት። ስለ ጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ማንም ሰው ያለ ፈቃድ የጄኔቲክ ሀብት ከአገር እንዳያወጣ ይደነግጋል። ዘር፣ ቅጠል፣ የአፈር ውስጥ ባክቴሪያ፣ ሁሉም ይገባበታል። በጉለሌ ዕፀዋት ማዕከል በእንጦጦ ተዳፋት ላይ የበቀለች አንዲት ቅጠል በፖስታ ታሽጋ ለውጭ አማካሪ መምህር ብትላክ ጉዳዩ በዚህ አዋጅ ሥር ነው። በተጨማሪም የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ሚያዝያ 20 ቀን 1996 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ ቁጥር 1540 አገሮች ሁሉ በአደገኛ ዕቃዎች ላይ የወጪ ንግድ ቁጥጥር እንዲያቋቁሙ ግዴታ ተጥሎባቸዋል። አባል ያልሆንባቸው ቡድኖች ዝርዝር ቢቀር እንኳ ይህኛው ይመለከተናል።

አዋጁ ከመውጣቱ በፊት የሆነውን የጤፍ ነገር ሁሉም ያውቀዋል፤ አንድ ዝርዝር ጉዳይ ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል። የሆላንዱ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 የፓተንት ማመልከቻ አስገባ፤ በ1997 ዓ.ም. ከአገራችን ተቋማት ጋር የአርክቦትና የጥቅም መጋራት ስምምነት ተፈራረመ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የአውሮፓ ፓተንት ተሰጠው። ፓተንቱ «ጤፍ የእኔ ነው» አላለም። በሚፈጭበት ጊዜ «የመውደቂያ ቁጥሩ» 250 እና ከዚያ በላይ የሆነ ዱቄት ብሎ ጻፈ። የመውደቂያ ቁጥር ማለት በጋለ የዱቄትና የውኃ ድብልቅ ውስጥ አንድ ዘንግ ለመስጠም የሚፈጅበት ጊዜ በሰከንድ ሲለካ ነው፤ በእህሉ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ስታርቹን ምን ያህል እንደሰባበረው ያሳያል። ይህን ልኬት ማንኛውም የሁለተኛ ዓመት የባዮኬሚስትሪ ተማሪ መሣሪያው ካለው ሊሠራው ይችላል። በአንድ ቁጥር የሺህ ዓመታት እህል በሌላ ሰው ስም ተመደበ። ፓተንቱ በሆላንድ ውድቅ የሆነው በኅዳር 2011 ዓ.ም. በሄግ ፍርድ ቤት ነው፤ ያውም በሁለት የሆላንድ ድርጅቶች መካከል በተነሣ ክርክር፣ የፈጠራ ብቃት የለውም ተብሎ። ድርጅቱ አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ከስሯል። በስምምነቱ ከታሰበው ጥቅም ለአገራችን የደረሰው ከምንም የሚቆጠር አይደለም። የጤፋችንን ዱቄት ባሕርይ በየዝርያው ለክተን፣ በቁጥር ጽፈን፣ ቀድመን በሰፊው አሳትመን ቢሆን ኖሮ፣ በእኛ ግምት፣ ያ ክርክር አሥራ አንድ ዓመት ባልፈጀ ነበር።

ስለዚህ የምንጠይቀው ነገር ትልቅ አይደለም። አዲስ መሥሪያ ቤት ይቋቋም አንልም፤ መሥሪያ ቤት በዝቷል። እያንዳንዱ ክፍለ ትምህርት ዕቃ ሲያዝም ሆነ ናሙና ሲልክ የቴክኒክ መግለጫውን የሚጽፍና ከዝርዝሮቹ ጋር የሚያስተያይ አንድ መምህር ወይም የቤተ ሙከራ ባለሙያ ይመድብ። ዝርዝሮቹ ምሥጢር አይደሉም፤ በነጻ ይገኛሉ። የሦስተኛ ዓመት የቤተ ሙከራ ትምህርት ውስጥ አንድ ክፍለ ጊዜ ለዚሁ ይሰጥ፦ ተማሪው በፊቱ ያለውን መሣሪያ ዓይቶ አቅሙን በቁጥር ይጻፍ፣ ለቁጥጥር የሚበቃበትን ወሰን ይፈልግ፣ ከወሰኑ በታች ነው ወይስ በላይ ብሎ ይወስን፣ ከዚያም ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስረዳ። ከወሰኑ በላይ ከሆነም አይደበቅ። ዝርዝር ውስጥ መግባት መከልከል ማለት አይደለምና፤ ብዙው ፈቃድ ይሰጣል፣ የሚዘገየው የተድበሰበሰው ነው። ለሚወጣው ናሙናም በተመሳሳይ መንገድ «ይህ የጄኔቲክ ሀብት ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ፖስታው ከመታሸጉ በፊት ይነሣ።

አንዳንድ መምህራን ይህ የሳይንቲስትን ጊዜ በጸሐፊ ሥራ ያባክናል ይሉ ይሆናል። የፍሪዝ ድራየሩ ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ የወሰደብን ጊዜ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም ነበር።

መሣሪያው አሁን በሦስተኛው ፎቅ ይሠራል። ጋሼ በጎኑ ላይ ወረቀት ለጥፈውበታል፤ በላዩ የበረዶው መጠን፣ የማምከኛው ሁኔታና የምደባ ቁጥሩ በእጅ ጽሕፈት ሰፍሯል። ከአጠገቡ ያለው የአሮጌው ሴንትሪፊውጅ ምትክ እንዲታዘዝ ባለፈው ወር ተወስኗል። ቅጹ ደርሷል፤ የመጀመሪያው ጥያቄ «ዕቃው ምንድን ነው?» ይላል፤ ገና አልተሞላም።